ጢያ ላይ አባቴ የጠየቁት

አባቴ ሽርሽር አይወዱም። ባለፈው ቅዳሜ ሚኒባስ ውስጥ የገቡትም «ድንጋይ ለማየት ነው እንዲህ በጠዋት የምንወጣው?» እያሉ ነው። ልጄ መጽሐፉ ላይ ያየውን ጢያን ካላየሁ ብሎ ወጥሮ ስለያዘኝ ምርጫ አልነበረኝም።

ጢያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በቡታጅራ መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ተሻግረን ከተማዋ ደረስንና ቀሪውን በእግራችን ሄድን። ጤፍ፣ እንሰት፣ ባሕር ዛፍ፤ ለከተማ ልጅ ይሄም ራሱ ጉብኝት ነው። ኮፍያ ግን አትርሱ፣ ጥላ እንደልብ አይገኝም።

በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች 36 ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ተሰብስበው የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። 32ቱ ላይ ቅርጽ ተቀርጿል፤ በብዛት ጎራዴ ነው። የጎራዴው ብዛት ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቁጥር ያሳያል ይባላል አለን አስጎብኚው። ልጄ ወዲያው ቆጠራ ጀመረ። እኔን ግን ብዙም አላሳመነኝም። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ መቃብሮቹን የቆፈሩት ተመራማሪዎች ግን ከግራኝ ዘመን የቀደሙ መሆናቸውን ደርሰውበታል።

እስከዚህ ድረስ አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ነበር። አስጎብኚው ከሥር የተገኙት አጽሞች እጅና እግራቸው ታጥፎ የተቀበሩ፣ ዕድሜያቸውም ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገመት ወጣቶች መሆናቸውን ሲናገር ቀና አሉ።

«ስንት ዓመት አልከኝ ልጄ?»

ደግሞ ነገራቸው።

«ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነበር» አሉ።

ከሰሜኑ ጦርነት ሳይመለስ የቀረ አጎት እንዳለኝ አውቃለሁ፤ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ዕድሜውን ግን ጠይቄ አላውቅም። የት እንደተቀበረ የነገረን የለም። አባቴም ስለ እሱ አፍ አውጥተው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

«ለእነዚህስ ድንጋይ አቁመውላቸዋል» ብለው አንዱን ሊዳስሱ እጃቸውን ዘረጉ። እንዳይነኩ ሲነገራቸው ይቅርታ ጠይቀው መለሱት።

ልጄ ቆጠራውን ትቶ መጣ። «አባባ፣ ስሙ ማን ነበር?»

ስንመለስ ሁለቱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓለም ገና እስክንደርስ ሲያወሩ ነበር፤ የሾፌሩ ራዲዮ ስለሚጮኽ እኔ ጋ የደረሰው ጥቂቱ ነው።