ከጉዞው በፊት ገንዘቡን፣ በጉዞው ላይ መስኮቱን



ከጉዞ ማኅበራት አስተባባሪዎች ተደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፤ «እንደ ኮቪድ ያለ ወረርሽኝ ተመልሶ ቢመጣ ጉዟችንን እንሰርዝ? ብንሄድስ እንዴት እንሂድ?» የሚል። የምትጠይቁኝ ነርስ ስለሆንኩና የመድኃኒት ሳጥን ይዤ ከመንፈሳዊ ጉዞዎች ጋር ስለምወጣ እንደሆነ ይገባኛል። በአንድ መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ስለ ጉዞ ጥንቃቄ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ግንባር ላይ የሚደገነው የሙቀት መለኪያ፣ ሳኒታይዘሩና «ጤነኛ ነኝ» ተብሎ የሚፈረምበት ወረቀት ነው። እነዚህን አልንቅም። ነገር ግን የቡድን ጉዞን ከበሽታ የሚጠብቁት ዋናዎቹ ሁለት ነገሮች ሌሎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ የታመመ ሰው ገንዘቡ ሳይበላበት ከጉዞው መቅረት መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ተጓዦች ስንት ስንት ሆነው፣ ምን ዓይነት አየር እየተጋሩ እንደሚሄዱ አስቀድሞ መታሰቡ ነው።

ከአየሩ ልጀምር። ጥር 10 ቀን 2012፣ እኛ እዚህ ከተራን ስናከብር፣ በምሥራቅ ቻይና ዤጂያንግ ግዛት የቡድሃ እምነት ተከታዮች በሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ቤተ መቅደስ ጉዞ አደረጉ። በአንደኛው 60፣ በሌላው 68 ሰው ነበር። መንገዱ ሩቅ አልነበረም፤ መሄጃው 50 ደቂቃ፣ መመለሻው 50 ደቂቃ። በሁለተኛው አውቶቡስ መሀል አካባቢ የኮቪድ ቫይረስ የያዘው አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ግን ገና ሕመሙ አልተሰማውም። ማስክ ያደረገ የለም። ጊዜው ክረምታቸው ስለሆነ ማሞቂያው ተከፍቶ ያንኑ የውስጡን አየር ያዞራል። በኋላ ሲጣራ በዚያ አውቶቡስ ከተሳፈሩት 68 ሰዎች፣ የመጀመሪያውን ጨምሮ 24ቱ ተይዘው ተገኙ። በሌላኛው አውቶቡስ ከነበሩት 60 ሰዎች ግን አንድም አልተያዘም።

ልብ በሉ፤ መነሻቸው አንድ፣ መድረሻቸው አንድ፣ ሥርዓቱም አንድ ነው። የለያቸው የተጋሩት አየር ነበር። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ በሽተኛው አጠገብ የተቀመጡትና ራቅ ያሉት የተያዙበት መጠን ያን ያህል አለመራራቁ ነው። ሹፌሩና በር አካባቢ የነበሩት አልተያዙም፤ ከሚከፈቱት መስኮቶች ሥር ከተቀመጡትም የተያዘው አንድ ብቻ ነው። ግንባር ላይ የሚደገን መለኪያ ያንን ሰው ሊያስቀረው ባልቻለ ነበር፤ ትኩሳቱ ገና አልመጣማ!

አሁን ወደ እኛ አውቶቡስ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ግሸን የሚሄድ መኪና አስቡ። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ብርዱ ይጠነክራል። አንዱ መስኮቱን ጣት በምታህል ክፍተት ገርበብ ሲያደርግ ከኋላ «ዝጋው እንጂ ወንድሜ፣ ብርድ ሊመታን ነው!» ይባላል። ረዳቱ ተነሥቶ ይዘጋዋል። አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይሸፋፈናሉ፣ ልጆች ጋቢ ውስጥ ይገባሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ ስልሳ ሰው በአንድ ድምፅ ይዘምራል። ብርዱን መፍራታችንን አልነቅፍም፤ ሕፃንና አዛውንት የያዘ መኪና ነው። ግን ለብርድ መድኃኒቱ ጋቢ ነው፤ ለተዘጋ አየር ደግሞ መድኃኒቱ መስኮት ነው። እኔ የምመክረው ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት መስኮት በትንሹ ገርበብ እንዲል፣ ይህም በምዝገባ ቀን እንዲነገር ነው፤ ተጓዡ ልብስ ደርቦ ይመጣል። መንገድ ላይ ከተነገረ ጭቅጭቅ ይሆናል። አረጋውያንንና አስም ያለባቸውን በር አካባቢ አስቀምጡ።

ስለ መዝሙሩም መናገር አለብኝ፤ ቅር እንደማትሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ስካጊት በምትባል አካባቢ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 አንድ የመዘምራን ቡድን ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ልምምድ አደረገ። 61 ሰዎች ተገኝተው ነበር፤ 53ቱ ታመሙ ወይም ተይዘዋል ተብለው ተመዘገቡ፤ ሁለቱ አረፉ። ከተገኙት መካከል ሕመም ይሰማው የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰው ሲዘምር ከሳንባው የሚያወጣው ትንፋሽ ከተራ ንግግር ይበልጣል። መዝሙር የመንፈሳዊ ጉዞ ሕይወት መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔም ያለ እሱ ጉዞ ጉዞ አይመስለኝም። ስለዚህ በወረርሽኝ ጊዜ መዝሙሩ ይቅር አልልም፤ ከመኪና ሲወረድ ይሁን። መንገድ ላይ ቆም ተብሎ ሜዳ ላይ የሚዘመረው ከጉዞው ሁሉ የሚጣፍጥ ነው። መኪና ውስጥ ስብከት በድምፅ ማጉያ ይሰማ።

አስተናጋጆችን ደግሞ እንዳትረሱ። ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው የመዝናኛ መርከብ 3,711 ሰው ይዛ በጃፓን ዮኮሃማ ወደብ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ለይቶ ማቆያ ስትሆን ተሳፋሪዎቹ ክፍላችሁን ዝጉ ተባሉ። ሠራተኞቹ ግን ምግብ ማብሰልና በየክፍሉ ማድረሱን ቀጠሉ፣ አብረው በሉ፣ በአንድ ክፍል ተደርበው ተኙ። መጀመሪያ ከተያዙት 20 ሠራተኞች 15ቱ የምግብ ክፍል ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ መርከቧ ላይ የተያዘው ሰው 712 ደረሰ። እኛም ዘንድ ሌሊቱን ሽሮ ሲያማስሉ፣ እንጀራ ሲያወጡ የሚያድሩት እህቶቻችን በአንዲት ድንኳን ተጨናንቀው ይተኛሉ፤ በማግስቱ ለመላው ማኅበር እንጀራ የሚዘረጉት እነሱ ናቸው። ማስክ ሲታደል መጀመሪያ ለእነሱ ይሰጥ። ከመካከላቸው ያሳላት ብትኖር የምትተካት ሴት ከከተማ ሳይወጣ ትታወቅ። ለሚያገለግሉን ሰዎች ይህን ያህል ማሰብ አቅቶን ማየት ሁልጊዜ ያመኛል።

በዓለም ላይ የቡድን ጉዞንና ወረርሽኝን አብሮ በማስተዳደር እንደ ሐጅ ረጅም ልምድ ያለው ያለ አይመስለኝም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሌራ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የማጅራት ገትር፣ በ2000 ደግሞ የዚያው በሽታ ሌላ ዝርያ ተጓዦችን ፈትኗል። ከ2002 ጀምሮ አራት ዝርያ የሚከላከለውን የማጅራት ገትር ክትባት ያልወሰደ ሐጃጅ ቪዛ አያገኝም፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ስለሆነች ይህ ለሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የቤት ጉዳይ ነው።

ኮቪድ ሲመጣ ሳዑዲ ዓረቢያ ዑምራ ለተባለው አነስተኛ መንፈሳዊ ጉዞ ከውጭ የሚመጡ ተጓዦችን ያገደችው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2020 ነው። በዚያ ዓመት ሐጅ ሙሉ በሙሉ አልተሰረዘም። ቀድሞ በነበረው ዓመት ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው ያደረገውን ሐጅ በአገሪቱ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ እንዲያደርጉት ተወሰነ። አሠራሩ ለእኛ ትምህርት ይሆናል። ሐጃጆቹ ተመርምረው፣ ቀድመው ራሳቸውን ለይተው ቆዩ። ከዚያ ሃያ ሃያ ሆነው ተከፈሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ መሪ ነበረው። ጀመራት በተባሉት ዓምዶች ላይ በሥርዓቱ የሚወረወሩት ጠጠሮች ታጥበው፣ በከረጢት ታሽገው ተሰጧቸው፤ የዘምዘም ውኃ በጠርሙስ ታደለ፤ ካዕባን መንካት ተከለከለ። በ2021 ወደ 60 ሺህ፣ ያውም የተከተቡ የአገሪቱ ነዋሪዎች ብቻ፤ በ2022 ወደ 1 ሚሊዮን ሰው ተፈቀደ። በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት ከኢትዮጵያ መሄድ አልተቻለም። ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ ተራው የደረሰው አባት ምን እንደተሰማው መገመት ይከብዳል።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመው «ሃያ ሃያ» የሚለው ነው። ሁለት መቶ ሰው ይዞ የሚወጣ ማኅበር ሁለት መቶውን በአንድ ድንኳን፣ በአንድ ማዕድ፣ በአንድ ወረፋ ካደባለቀው አንድ በሽተኛ ለሁሉም ይተርፋል። በአንድ መኪና የሄዱ አብረው ከበሉ፣ አብረው ካደሩና በመጡበት መኪና፣ በመጡበት ወንበር ከተመለሱ ግን በሽታው ቢገባም እዚያው መኪና ላይ የመቆም ዕድል አለው። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «እኔ ከእህቴ ጋር በዚያኛው መኪና ልሂድ» የሚለውን መሀል መንገድ ላይ እሺ አለማለት ነው።

አሁን ገንዘቡ። ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ ሰው ሕመሙን የሚደብቀው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ቁልቢ ገብርኤል ስለት አለበት፤ ዓመት ሙሉ ከደመወዙ፣ ከእቁቡ ቆጥቦ ከፍሏል፤ ደረሰኙ ላይ ደግሞ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። ጉዞው ነገ ሌሊት ነው፤ ዛሬ ማታ ጉሮሮውን ቢከረክረው ምን ያደርጋል? ክኒን ውጦ ይመጣል። በአንድ ጉዞ ላይ ከጎኔ የነበረች እህት ሳሏን በነጠላዋ አፍና ስትታገል አይቼ ቀስ ብዬ ብጠይቃት «ብነግራቸው ገንዘቤን አይመልሱልኝም፤ ስለቴም አለ» አለችኝ። ልቆጣት አልቻልኩም። ማስክ ሰጠኋት። ያቺ እህት ላይ የፈረደባት ደረሰኙ ነው።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ሐጅ ሲቀርባት ለተመዘገቡት ከ2 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ገንዘባቸው ያለ ምንም ተቀናሽ እንደሚመለስ ወዲያው አስታወቀች። ኢንዶኔዥያም ተራቸው ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲተላለፍ፣ የፈለገም ክፍያውን እንዲወስድ ፈቀደች። «እነሱ መንግሥት ናቸው፣ እኛ የአውቶቡሱን ኪራይ ከየት እናመጣለን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ለምሳሌ የጉዞው ዋጋ 2,500 ብር፣ ተጓዡ 50 ሰው ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ላይ 100 ብር ቢጨመር 5,000 ብር ይሆናል። የሁለት ሰው ሙሉ ገንዘብ መመለሻ ነው። አምስትና ስድስት ተጠባባቂ በዝርዝር ከያዛችሁ ደግሞ የቀረውን ሰው ወንበር የሚይዝ አታጡም፤ መጠባበቂያው ሳይነካ ለቀጣዩ ጉዞ ያድራል።

ከአውቶቡስ ባለንብረቱና ከማረፊያው ጋርም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ በአገራችን ተገኘ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ከመያዝ አቅሙ ግማሹን ብቻ እንዲጭን ተደረገ። ለፋሲካ ጉዞ ቀብድ ከፍለው የነበሩ የማውቃቸው ማኅበራት ገንዘባቸው እንደወጣ ቀርቷል፤ ውላቸው ላይ ስለ እገዳ የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረማ። «ጉዞ በመንግሥት ቢከለከል ቀብዱ ለሌላ ቀን ይተላለፋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር።

የጠበል ጉዞ ለብቻው ይታይ። እዚያ የሚሄደው ሰው ታሞ ነው የሚሄደው፤ «የታመመ አይምጣ» ብንል ጉዞው ትርጉም ያጣል። ለእነሱ አነስ ያለ መኪና፣ ክፍት መስኮት፣ ለአስታማሚውም ለታማሚውም ማስክ ይዘጋጅ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይንቀሳቀስ፣ መድኃኒቱንም ከጠበሉ ጋር እንዲቀጥል ንገሩት። ነቀርሳም በአየር ነው የሚተላለፈው፤ የምከፍተው መስኮት ለኮቪድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያችኋል።

የመስከረም 21 የግሸን ጉዞ ምዝገባ የምትጀምሩ አስተባባሪዎች ማስታወቂያውን ከመለጠፋችሁ በፊት ይህን ጨምሩበት፣ ቃሉን እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ፦ «ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት ትኩሳት፣ ሳል ወይም የጉሮሮ ሕመም የተሰማው ተመዝጋቢ በስልክ ካሳወቀን ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል፤ ከፈለገም ለቀጣዩ ጉዞ ይያዝለታል። ተመልሶ በሁለት ሳምንት ውስጥ የታመመም ያሳውቀን።» የመኪናና የወንበር ቁጥር ያለበትን የስም ዝርዝር ደግሞ ከተመለሳችሁ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አትጣሉት። አንድ ሰው ደውሎ «ተመርምሬ ተገኘብኝ» ቢል ለማን ለማን መደወል እንዳለባችሁ የምታውቁት ከእሱ ነው።