ቅዱሳን ተብለው የተገሠጹ፦ ጉድለት ባለባት ጉባኤ ውስጥ በእምነት መኖር

የእሑድ አምልኮ አልቆ ወንበሮች እየተሰበሰቡ ሳለ አንድ አገልጋይ ወደ መጋቢው ቀርቦ፣ «ከእንግዲህ በዚህች ቤተ ክርስቲያን መቀጠል አልችልም» ቢለው መጋቢው ምን ይመልስለታል? ይህ ጥያቄ እስካሁን ካልደረሰዎት ነገ ይደርስዎታል፤ ምናልባትም ራስዎ በልብዎ ጠይቀውት ያውቁ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የምንሰጣቸው መልሶች ሁለት ናቸው። አንዱ «ፍጹም የሆነች ቤተ ክርስቲያን የለችም፤ ታገሥ» የሚል ነው። ሌላው «እንግዲያው ጌታ ወደመራህ ሂድ» የሚል ነው። የመጀመሪያው ኃጢአትን ሊሸፍን ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ኅብረትን ያቀልላል። የቆሮንቶስ መልእክት ከሁለቱም የተለየ መንገድ ያሳየናል።

በቆሮንቶስ የነበረችው የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን

ጳውሎስ በቆሮንቶስ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ አስተምሯል (ሐዋ. 18፥11)። ኋላ በኤፌሶን ሳለ (1ቆሮ. 16፥8) ከዚያች ጉባኤ የሰማው ነገር የሚያሳፍር ነበር። ምእመናኑ በአገልጋዮች ስም ተከፋፍለዋል (1፥12)። የአባቱን ሚስት ያገባ ሰው በመካከላቸው አለ፤ እነርሱም በማዘን ፈንታ ታብየዋል (5፥1-2)። ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ይከስሳል (6፥6)። በጌታ እራት ላይ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል (11፥21)። የሙታን ትንሣኤ የለም የሚሉም አሉ (15፥12)።

ሆኖም ሐዋርያው ይህን ሁሉ ከመናገሩ በፊት የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን፣ በክርስቶስ ኢየሱስ የተቀደሱ፣ ለቅድስና የተጠሩ ብሎ ይጠራቸዋል (1፥2)። ይህ ተግሣጹን ለማለዘብ የቀረበ ሙገሳ አይደለም። በግሪኩ «የተቀደሱ» የሚለው ቃል ተገብሮ ነው፤ የቀደሳቸው እግዚአብሔር መሆኑንና የሥራውም ውጤት ጸንቶ መኖሩን ያመለክታል። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ቅድስና የአባላቷ መልካምነት ተደምሮ የሚገኝ ውጤት አይደለም፤ ከክርስቶስ የተቀበለችው ስጦታ ነው።

ታዲያ ቅዱሳን ከሆኑ ተግሣጹ ለምን አስፈለገ? መልሱ በ5፥7 ላይ ይገኛል። ጳውሎስ አሮጌውን እርሾ እንዲያስወግዱ ያዝዛቸዋል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ ቀድሞውኑ ያልቦካ ሊጥ መሆናቸውን ያስታውሳቸዋል። በክርስቶስ የሆኑትን በኑሯቸው እንዲገልጡት ይጠራቸዋል እንጂ፣ ንጹሓን ከሆኑ ብቻ እንደሚቀበላቸው አይነግራቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። ጳውሎስ የክፍፍሉን ወሬ ከማን እንደሰማ አልደበቀም፤ የቀሎዔ ቤተ ሰዎች እንደነገሩት በግልጽ ጽፏል (1፥11)። ጉዳዩ ሊያርመው ለሚችል ሰው ተነገረ፤ እርሱም ለራሳቸው ለቆሮንቶሳውያን ተናገረ። በየቤቱ ከሚዞር ሐሜት የሚለየው ይህ ነው።

ንጹሕ ጉባኤ ፍለጋ

ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ ቤተ ክርስቲያንን ክፉኛ የፈተናት በሰሜን አፍሪካ ነው። በ303 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዲዮቅልጥያኖስ በተጀመረው ስደት አንዳንድ አገልጋዮች ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆች አሳልፈው ሰጡ። ስደቱ ሲበርድ፣ የካርቴጁን ጳጳስ ኬኪሊያኖስን የሾመው ከእነዚህ አንዱ ነው የሚል ክስ ተነሣ፤ ተቃዋሚዎቹም የራሳቸውን ጳጳስ ሾሙ። በኋላ በመሪያቸው ስም ዶናቲስቶች ተባሉ። የ314ቱ የአርል ጉባኤ ቢፈርድባቸውም መለያየቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

የዶናቲስቶች ቁጭት ከንቱ አልነበረም፤ በስደት የጸኑ ሰዎች ክህደትን እንደ ቀላል ነገር ማየት አልቻሉም። ነገር ግን ንጽሕናን የኅብረት መሠረት ያደረገ ቡድን መለያየቱን የሚያቆምበት ቦታ አያገኝም። በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዶናቲስቶቹም እርስ በርሳቸው ተወጋግዘው ማክሲሚያኒስቶች የሚባሉት ከእነርሱ ተገነጠሉ።

አውግስጢኖስ በበኩሉ የስንዴውንና የእንክርዳዱን ምሳሌ በመጥቀስ መልካሙና ክፉው እስከ መከር አብረው እንደሚኖሩ አስተማረ። ዶናቲስቶች ግን እርሻው ዓለም ነው ብለው መለሱ፤ ማቴዎስ 13፥38 የሚለውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ይህን ምሳሌ የቤተ ክርስቲያንን ተግሣጽ ለማስቀረት ልንጠቀምበት አይገባም። ከ411ዱ የካርቴጅ ጉባኤ በኋላ መንግሥት ዶናቲስቶችን በሕግ ሲያስገድድ አውግስጢኖስ መደገፉም አንድነት በኃይል እንደማይገነባ ሊያስጠነቅቀን ይገባል።

መታገሥና መሸፋፈን

እንግዲህ መጋቢ የጉድለትን ዓይነት መለየት አለበት። የጠባይ ድካም፣ የአምልኮ ስልት ልዩነት፣ የማያስደስት ስብከት በፍቅር የሚታገሡት ነው (ኤፌ. 4፥2)። ወንድም ወንድሙን ሲበድል በማቴዎስ 18፥15-17 የተቀመጠው ሥርዓት አለ፤ የሚጀምረውም በሁለቱ መካከል ብቻ ነው። ሽማግሌ ሲከሰስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይፈለጋል፤ ኃጢአቱ ከተረጋገጠ ግን በሁሉ ፊት ይገሠጻል (1ጢሞ. 5፥19-20)።

በአመፅ ወይም በወሲብ ጥቃት የተጎዳን ሰው «ለወንጌል ስም ብለህ ዝም በል» ማለት ትዕግሥት አይደለም። 1ቆሮንቶስ 6 በወንድማማቾች መካከል ስላለ ክርክር የሚናገር ነው እንጂ ወንጀልን ከሕግ የሚሸሽግ ክፍል አይደለም፤ ባለ ሥልጣን ክፉ አድራጊን እንዲቀጣ እግዚአብሔር ሾሞታል (ሮሜ 13፥4)። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? የተጎዳው ሰው ለደኅንነቱ ቢሄድ እምነት ጎደለው አንበለው። ወንጌሉ ራሱ በሌላ ወንጌል በተተካበት ስፍራም (ገላ. 1፥6-9) መለየት ታማኝነት ሊሆን ይችላል።

የተግሣጽ ዓላማ መመለስ ነው። በ2ቆሮንቶስ 2፥6-8 ጳውሎስ የተቀጣውን ሰው ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር እንዲሉትና እንዲያጽናኑት ይለምናል። ሰውየው በመጀመሪያው መልእክት የተጠቀሰው ነው ወይስ ሌላ በሚለው ተርጓሚዎች ባይስማሙም ትእዛዙ ግልጽ ነው። የምትቀጣ እንጂ የምትመልስ ያልሆነች ጉባኤ ግማሹን ብቻ ታዝዛለች።

ወደ አገልጋዩ እንመለስ

አሁን ያንን አገልጋይ ምን እንበለው? አስቀድመን እናስቀምጠውና እንስማው። ያቆሰለው ምንድን ነው? ድካም ነው፣ በደል ነው ወይስ ጥቃት? ለሚመለከተው ሰው ተናግሯል? የበደለው መጋቢው ራሱ ከሆነስ? ያን ጊዜ «ከጉድለቶቹ አንዱ እኔ ነኝ» ብሎ ይቅርታ መጠየቅ ከማንኛውም ትምህርት ይቀድማል።

ጳውሎስ ያን ሁሉ ከገሠጸ በኋላ መልእክቱን የዘጋው ፍቅሩ ከሁላቸው ጋር መሆኑን በመግለጥ ነው (16፥24)። ከእነርሱም መካከል የአጵሎስ ነን ባዮች፣ በማዕድ ወንድማቸውን ያስራቡና ትንሣኤን የካዱ ነበሩ። ከእርስዎ ጉባኤ ውስጥ ከዚህ «ሁላችሁ» ሊያስወጡት የሚፈልጉት ማን ነው? በሚቀጥለው እሑድ ወደ ጌታ ማዕድ ከመቅረብዎ በፊት ወደ እርሱ ይሂዱ።