ተመራቂው ማሳ ላይ ሲፈተን

በግብርና ትምህርት የተመረቀን ወጣት የሚቀጥረው በአብዛኛው መንግሥት ቢሆንም፣ ሥራውን የሚመዝነው አርሶ አደሩ ነው። ባለሙያው ቀበሌ ሲወርድ የሚጠብቀው ጥያቄ «የስንዴ ዋግ መንስኤው ምንድን ነው?» የሚል አይደለም። «ለእኔ ሩብ ሄክታር ስንት ኬሚካል ይበቃል?» የሚል ነው።

መልሱ ከመርጫው ይጀምራል። መርጫው ውስጥ ንጹሕ ውኃ ብቻ ተሞልቶ 100 ካሬ ሜትር በተለመደው እርምጃ ይረጫል፤ ከዚያ ያለቀው ውኃ ይለካል። ሁለት ሊትር ካለቀ ለሄክታር 200 ሊትር፣ ለሩብ ሄክታር 50 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። የኬሚካሉ መመሪያ በሄክታር ግማሽ ሊትር የሚል ከሆነ፣ ባለ 20 ሊትር መርጫ በተሞላ ቁጥር 50 ሚሊ ሊትር ይጨመርበታል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ይሁንና መርጫ አዝሎ የማያውቅ ተመራቂ አርሶ አደሩ ፊት ግራ ይጋባል፤ ኪሳራውም የባለ ማሳው ነው።

በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የመውጫ ፈተና ዕውቀትን ይለካል እንጂ እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ አይለካም።

ተግባርን ከትምህርት ጋር የማስተሳሰር መንገድ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1989 ዓ.ም በያኔው ዓለማያ፣ በአሁኑ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሳሳካዋ ድጋፍ የተጀመረው መርሐ ግብር በሥራ ላይ ያሉ የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ለዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹ የክፍል ትምህርታቸውን ይዘው ወደ ሥራ ቦታቸው ይመለሱና ከአርሶ አደሩ ጋር በለዩት ችግር ላይ ለወራት ፕሮጀክት ይሠራሉ። መምህሩም እዚያው ድረስ ወርዶ ሥራቸውን ያያል። አሠራሩ ኋላ ላይ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተስፋፍቷል።

መደበኛው ተማሪ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ያለው አጭር የተግባር ልምምድ ነው። እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲዎችን ብቻ መውቀስ አይገባም። ለልምምድ የመጣን ተማሪ ቢሮ አስቀምጦ ሪፖርት ማስገልበጥ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጥፋት ነው። ጊዜውም ራሱ እንቅፋት ነው፤ የመኸር ስንዴ የሚዘራውና የሚረጨው በአብዛኛው ተማሪው ለክረምት እረፍት ቤቱ በሚሆንበት ወቅት ነውና።

ወረዳዎች ከዩኒቨርሲቲ ጋር ሲዋዋሉ ልምምዱ በሰብሉ ወቅት እንዲሆን መጠየቅ ይችላሉ። ተማሪውን ለአንድ የቀበሌ ባለሙያ አስረክበው አንዲትን ሥራ፣ ርጭትም ይሁን የኖራ አጨማመር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያሠሩት ይጠቅማል። የልምምዱን መመዘኛ ቅጽ ሲሞሉም ማሳው የተረጨለትን አርሶ አደር ቢጠይቁ፣ ተማሪው መርጫውን ለክቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ከማንም በፊት የሚነግራቸው እሱ ነው።