አንድ ስም፥ ብዙ ባለቤት

«አዋሽ» የሚለው ቃል በደብዳቤ ላይ ብቻውን ቢጻፍ፥ ተቀባዩ ምን ይረዳል? ወንዙ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፥ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ ከባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ስሙ ግን ከውኃው ይልቅ ተሰራጭቷል። በባቡር ጣቢያ ዙሪያ የተቆረቆረችው አዋሽ ሰባት፥ አዋሽ አርባ፥ አዋሽ መልካሳ፥ ሳላ የሚሰማራበት ብሔራዊ ፓርክ፥ በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው ባንክ ሁሉም በዚሁ ይጠራሉ።

መልካሳና አዋሽ አርባ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ለመልካሳ የታዘዘ መድኃኒት «ለአዋሽ» ተብሎ ቢላክ፥ ሕመምተኛው በዚያ ሲጠብቅ ዕቃው በአዋሽ አርባ ሊራገፍ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለተኛው ስም መጻፉን ተመልከቱ፤ ድካሙ የአንድ ቃል ብቻ ነው።