ቀይ የነበረች ሮዝ መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያላት አሮጌ ዲኤክስ መኪና ያየ ሰው፣ ባለቤቷ መርጦ ያስቀባት ይመስለው ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን ከፋብሪካ የወጣችው ቀይ ሆና ነው። ዓመታት ፀሐይ ላይ ስትቆም የቀለሟ የላይኛው ገጽ ተቃጥሎ ዱቄት ይሆናል፤ ኮፈኑን በመዳፉ የዳሰሰ ሰው እጁ ላይ እንደ ጠመኔ ያለ ብናኝ ያገኛል። ባለቤቱም ቀለሙ ያለቀለት መስሎት ዋጋ ሊጠይቅ ጋራዥ ይሄዳል። ከብናኙ ሥር ያለው ቀይ አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም።

የአዲስ አበባ ብርድ በዚህ ነገር ያታልላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ እየበረታ ይሄዳል። ሰውየው ጃኬት ለብሶ እየተንቀጠቀጠ መኪናው ትቃጠላለች።

ይህ ሁሉ የሚደርስበት ቀለም ውፍረቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከላሜራው ጀምሮ ዝገት መከላከያው፣ ቀለሙና ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ሁሉ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ በተሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች ላይ የሚያንጸባርቀው ቀለሙ ራሱ ሳይሆን ከላዩ የተረጨው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ባለሙያዎቹ ክሊር የሚሉት ነው። የእሱ ድርሻ ቢበዛ ሃምሳ ማይክሮን ያህል ነው። በፖሊሽ ማሸት ማለት ከዚህ ላይ ገፍፎ ማንሳት ነው፤ የተነሳው አይመለስም። ስለዚህ እቤቱ መኪናውን ማደስ የሚፈልግ ሰው ሊቆጥብ የሚገባው ከገንዘቡ ይልቅ ይህንን ሽፋን ነው። ማሸቱም መጨረሻ ላይ ይምጣ።

መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ እድፉ ምንድን ነው የሚለው ነው። አዲስ አስፋልት ላይ ሲነዱ የተረጨ ሬንጅ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሲረጥብ ይለቃል፤ ከዚያ በሳሙና ውኃ መታጠብ አለበት። በአካባቢው ሲጋራም ሆነ ምድጃ እንዳይኖር። የዛፍ ሙጫን አልኮል ያሟሟዋል፤ ከኮሮና ዘመን የተረፈ ሳኒታይዘርም ይሠራል። የቧንቧ ውኃ ደርቆ የተወው ነጭ ክብ ጠብታ ደግሞ ኮምጣጤን በእኩል ውኃ አቅጥኖ ቢያብሱት ብዙ ጊዜ ይነሳል። የወፍ ኩስ ከሁሉም ይከፋል፤ አሲድነት አለው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ክሊሩን ይበላል። በደረቁ መፋቅ ጭረት መጨመር ስለሆነ በውኃ የተነከረ ጨርቅ አልብሶ እስኪርስ መጠበቅ፣ ከዚያ ማንሳት ነው።

አንዳንዱ ጭረት ደግሞ ጭረት አይደለም። ጠባብ መንገድ ላይ ሚኒባስ ታክሲ ጨረፍ አድርጎ ሲያልፍ ፓራፋንጎው ላይ የሚቀረው ሰማያዊ መስመር የታክሲው ቀለም ነው፤ የመኪናው ቀለም ከሥሩ ሳይነካ ሊገኝ ይችላል። ለመለየት ጥፍር ይበቃል። በመስመሩ ላይ አቋርጦ ሲያልፍ ጥፍሩ ካልያዘው በፖሊሽ ይጠፋል፤ ከያዘው ጥልቀቱ ከክሊሩ አልፏል ማለት ይቻላል፣ የቱንም ያህል ቢያሹት አይወጣም።

ታጥቦ ንጹሕ የመሰለ መኪናም በፌስታል ይፈተናል። እጅን ቀጭን ፌስታል ውስጥ ከትቶ እርጥቡን ኮፈን ሲዳስሱት፣ ዓይን ያላየው ሻካራ ነገር ጣት ላይ ይሰማል፤ ከፍሬን የበነነ ብረትና የፋብሪካ ጥላሸት ቀለሙ ላይ ተሰክቶ ነው። ለዚህ የሚሆነው እንደ ልጆች መጫወቻ ጭቃ የሚለሰልስ፣ ክሌይ የሚባል ነገር ነው። ጃፓናዊው ታዳኦ ኮዳቴ የፈጠራ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በስሙ አስመዝግቧል። በሳሙና ውኃ እያራሱ ሳይጫኑ ሲያንሸራትቱት የተሰካውን ሁሉ ለቅሞ ያወጣል። መሬት ላይ ከወደቀ ግን ይጣላል፤ የያዘው አሸዋ ቀለሙን ያርሰዋል።

አሸዋው ነው ዋናው ጠላት። ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ አቧራ የሚያራግፍ ሹፌር መኪናውን የሚንከባከብ ይመስለዋል። አቧራው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከቀለም ቀርቶ ከተራ ብረትም የጠነከረ ስለሆነ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ክብ ክብ ጭረት ሥራው የዚያ ጨርቅ ነው። ላቫጆ ቤት ጎማ ያጠበው ስፖንጅ ኮፈን ላይ ሲወጣም ያው ነው። በደንብ ያልሟሟ ኦሞም ይጭራል። ብዙ ውኃ አፍስሶ አቧራውን ማስወረድ፣ ለጎማ የተለየ ስፖንጅ መያዝ ከማንኛውም ውድ ፖሊሽ የበለጠ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ማሸት። ጥላ ሥር፣ ላሜራው ሲቀዘቅዝ፣ ከደቃቁ ፖሊሽ በመጀመር፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መዳፍ የማይበልጥ ቦታ ላይ ይሠራል። መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ መሞከር ደግ ነው፤ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም፣ የሚነሳው ቀለሙ ራሱ ነው። የሮዟ ዲኤክስ ጨርቅ ወዲያው ይቀላል፣ ከሥሩም ቀዩ ብቅ ይላል። የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ ቀለም ስለሚሳሳ እዚያ እጅን ማቅለል፣ ጥቁር ፕላስቲኩን በፕላስተር መሸፈን ያስፈልጋል፤ ፖሊሽ ከገባበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ ሰም ይቀባል። ካርናውባ የሚባለው ከብራዚል የዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም የታወቀው ነው፤ በየጥቂት ወሩ ካልታደሰ ግን ቀዩ ተመልሶ ይገረጣል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን መኪና ማቆየት ለብዙ ሰው የግድ ሆኗል። ይሁንና ሁሉም ነገር እቤት አይድንም። ክሊሩ እንደ ቆዳ እየተላጠ ከሆነ ወይም ቀለሙ ሥር ዝገት ካበጠ ሥራው የቀለም ባለሙያው ነው፣ ለዚያ ክፍል ብቻ። ያኔም ቢሆን ባለቤቱ መኪናውን አሽቶ ቢወስዳት ይሻላል፤ ቀለም ቀማሚው የገረጣውን በር አይቶ ከቀመመ፣ አዲስ የተቀባው ኮፈን ሌላው አካል በታሸ ማግስት ለብቻው ሮዝ ሆኖ ይገኛል።