የባዕድ ሰው ትርፍ ጊዜና የጋይንት ድንች

በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ የሚኖር አንድ ገበሬ «ትርፍ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው ራሱ ግር ይለዋል። ይህም ሥራ የሚፈታበት ቀን ስለሌለው አይደለም። ሞፈርና ቀንበር የማይነካበት በዓል በየወሩ ብዙ ነው፤ በ12 ቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 እመቤታችን፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ይከበራል፤ ሰንበትም በየሳምንቱ አለ። ነገር ግን በነዚህ ቀኖች ገበሬው የሚያደርገው ሁሉ ከሰው ጋር የሚደረግ ነው። የማኅበሩን ጽዋ ይጠጣል፣ ለሽምግልና ይቀመጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ጎረቤት ቡና ይጠራዋል፤ እረኛው ልጅም መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ ከጓደኛው ጋር ገበጣ ይጫወታል። ብቻውን ሆኖ፣ ለማንም ሳይል፣ ደስ ስላለው ብቻ የሚያደርገው ነገር ቢኖር እንኳ ስም አልወጣለትም። «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የሚለውን ሐረግ እኛ ያገኘነው ከትምህርት ቤት ነው እንጂ ከመንደር አይደለም።

በሰው አገር የሚኖር ባዕድ ግን ማኅበር የለውም። ዘመድ የለውም፤ ለቅሶ የሚደርስለትም፣ ቡና የሚጠራውም የለም። ስለዚህ በዓሉ ሲመጣ ቀኑ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ያንን ባዶ ቀን የሚሞላበት አንዳች ትንሽ ነገር መፈለግ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ያንን ትንሽ ነገር ነው፤ ይልቁንም ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ነገሩ ምን ይሆናል የሚለውን።

ሁለተኛ ደረጃ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት የውጭ አገር መምህርት ነበሩ። ማታ ማታ በዐሥራ አንድ ሰዓት ግድም በእግራቸው ይወጡና እስኪመሽ ድረስ በዳገቱ ላይ ይራመዱ ነበር። መንገደኛው በትሕትና «ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው በተሰባበረ አማርኛ «የትም» ይሉታል። አንዳንዱ ሐዘን ያለባቸው መሰለው፤ አንዳንዱም የተቀበረ ወርቅ ይፈልጋሉ አለ። እኛም ተማሪዎቹ ብንሆን ነገሩ አልገባንም። ውሃ ለመቅዳት፣ እህል ለማስፈጨት፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንራመድ ያደግን ልጆች ስለ ሆንን፣ መራመድ ራሱ ደስታ ይሆናል ብሎ ማሰብ አቃተን። በመስኮታቸው ላይም በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ቅጠል ተክለው ነበር። አንድ ቀን ቀንጥሰው አሸተቱንና «ይህ የእናቴ ወጥ ቤት ነው» አሉን፤ እኛም ሳቅን። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቆርቆሮው ተጣለ፣ ቅጠሉም ደረቀ። ስሙን እንኳ አልጠየቅናቸውም።

የአብዛኛው ባዕድ ትንሽ ደስታ ፍጻሜው ይህ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ይሁን እንጂ በእኛው ጎረቤት ከዚህ የተለየ ዕድል ያጋጠመው አንድ ነገር አለ።

የእስቴና የጋይንት ጎረቤት በሆነችው በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ከ1848 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ከስዊስ፣ በባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና ትምህርት ቤት የተላኩ የእጅ ሥራ ዐዋቂ ሚሲዮናውያን ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ መጡ፤ በ1851 ዓ.ም. ዋልድማየርና ዛልሙለር ተጨመሩ፤ ሌሎችም አውሮፓውያን ተቀላቀሏቸውና ጋፋት ላይ ሰፈሩ። ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተሰኘው መድፍ በ1859 ዓ.ም. የተሠራው በነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ስለ ጋፋት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ መድፉ ነው። መድፍ የሚሠራ ሰውም ግን ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ያገባል፣ ይወልዳል፣ አገሩ ይናፍቀዋል። ዋልድማየርና ዛልሙለር ሁለቱም የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልንና የኢትዮጵያዊት ሚስቱን ሴቶች ልጆች አገቡ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ዋልድማየር ከሚስቱ ጋር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በዚያ ትምህርት ቤት አቋቋመ። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ባዕድ የሆነችው እርሷ ነበረች፤ በሊባኖስ ተራራ ላይ በምን ቆርቆሮ ምን ቅጠል ተክላ ይሆን እያልን ማሰባችን አልቀረም።

ከነዚህ አውሮፓውያን መካከል ኤድዋርድ ዛንደር የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር፤ ያየውን አገር ይሥል ነበር። ለጉዳያችን ዋናው ሰው ግን ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር በ1829 ዓ.ም. ዕፅዋት ለመሰብሰብ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በ1871 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ እስኪሞት ድረስም ከ40 ዓመት በላይ በአገራችን ኖረ። ደጃዝማች ውቤ በእንትጮ አካባቢ ሹመት ሰጥተውት ነበር፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶም ልጆች ወለደ። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ከሆኑ በኋላ ሹመቱ ቀረበት። በ1850ዎቹ ዓመታት ደግሞ ከሌሎቹ አውሮፓውያን ጋር በደብረ ታቦር አካባቢ እናገኘዋለን፤ በዚያም ቅጠልና አበባ መልቀሙን አልተወም። እየለቀመ በወረቀት መካከል አድርጎ ያደርቃል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ወደ አውሮፓ ይልካል። ይህ ለእርሱ መተዳደሪያም ደስታም ነበር፤ ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል። ላየው ባላገር ግን ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ ሳይመስለው አልቀረም።

የደረቁት ዕፅዋት ዛሬም በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም በሳይንስ ስማቸው ውስጥ የእርሱን ስም ተሸክመዋል። እኛ መርዝ የምንለው ዛፍ በሳይንስ አኮካንቴራ ሺምፔሪ ይባላል። መርዝን የሚያውቅ የስማዳ እረኛ ሺምፐርን አያውቅም፤ የዛፉ አዲስ ስም ከአገር ወጥቶ ቀርቷልና። ስለዚህ ይህኛው የሺምፐር ደስታ ለዓለም ጠቀመ እንጂ ለመንደሩ አልተረፈም።

ሁለተኛው ደስታው ግን መንደር ገባ። በ1850 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1858) ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር እንደ ሆነ በእርሻ ታሪክ ጽሑፎች ዘወትር ይጠቀሳል። ዓላማው ለኢትዮጵያ ገበሬ ውለታ መዋል ነበር ብለን አናምንም። በሰው አገር ሃያ ዓመት የኖረ ጀርመናዊ የእናቱን ማዕድ ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ለኛ ነገሩ የመምህርታችንን ቆርቆሮ ይመስለናል። መቅደላ ላይ በእግር ብረት ታስረው የነበሩት እንግሊዞችም፣ እነ ራሳምና ሐኪሙ ብላንክ፣ ዘር አስመጥተው በእስር ቤታቸው ዙሪያ አትክልት ተክለው እንደ ነበር ብላንክ ጽፏል። በሞትና በሕይወት መካከል የተቀመጠ እስረኛ አተርና ሰላጣ ሲኮተኩት ማሰብ ይገርማል፤ ግን ቀኑን የሚያጋምሰው በምን ነበር?

ደግሞ ድንች ለጀርመኖችም ቢሆን የአባት አገር ተክል አልነበረም። የተገኘው በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ነው፤ አውሮፓ የደረሰው ከእስፓኞች ወረራ በኋላ ነው። የጀርመን ገበሬ በመጀመሪያ ጠልቶት ስለ ነበር፣ የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1756 ድንች እንዲተከል ትእዛዝ ማውጣት አስፈልጎት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ያው ድንች የጀርመናዊ ናፍቆት ሆኖ ወደ እኛ መጣ።

መድፉ፣ ሥዕሉና የደረቀው ቅጠል ከመንደሩ ሲወጡ ድንች የቀረበትን ምክንያት ስንመረምር እንዲህ ይመስለናል። ሥዕል ለመሣል ጥበብ ይጠይቃል፤ ቅጠል ለማድረቅም ወረቀትና ላቲን ያስፈልጋል። ድንች ግን የሚበላው ራሱ ዘር ነው። አንድ ጎረቤት በነጠላው ጫፍ አምስት ፍሬ ቋጥሮ ቢወስድ ያለ መምህር ሊያበቅለው ይችላል። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው የወቅቱ ነገር ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ በዙሪያው ያሉት የላይ ጋይንት፣ የፋርጣና የእስቴ ደጋዎች ውርጭ የሚጥልባቸው፣ ገብስ የሚበቅልባቸው ናቸው። ገብሱ ሳይደርስ የአምናው ጎተራ ይሟጠጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ክፉ ወራት ናቸው። በበልግ ዝናብ የተተከለ ድንች ግን በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ለመቆፈር ስለሚደርስ በዚያ ክፍተት መካከል ይገባል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በደረሰው በክፉ ቀን ምክንያት ድንች በአገሪቱ ይበልጥ እንደ ተስፋፋ ይነገራል፤ ነገሩም የሚታመን ነው። ዛሬ በነዚህ ደጋዎች ድንች ከዋና ዋናዎቹ ሰብሎች አንዱ ሆኗል። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ግን ስለሚሞቅ ለድንች አይመችም።

የክፍተቱን ነገር ያነሣነው ለወግ አይደለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ እጥረት የሚመላለስባቸው ወረዳዎች ናቸው፤ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ታቅፈውበታል። እኛም በልጅነታችን ነሐሴን የምናስታውሰው በድንች ነው። እናታችን ገና እንጭጭ ሳለ በእጇ አፈሩን ፈልፍላ ትልልቁን ታወጣና ግንዱን መልሳ ታለብሰዋለች፤ ሙሉውን አትነቅለውም። ቀቅላ በጨውና በድልህ ታቀርብልናለች። እንግዳ ከመጣ ግን ድስቱ ወደ ጓዳ ይገባል። «እህል አጡ እንዳንባል» ትለን ነበር። ድንች በቤታችን ቋንቋ እህል አይባልም፤ ድንች የበላ ሰው ጠገበ እንጂ በላ አይባልም። ሺምፐርን ደስ ብሎት በአደባባይ የሚበላውን ነገር እናታችን እያፈረች በጓዳ ታበላን እንደ ነበር የተረዳነው ኮሌጅ ገብተን ስለ ሰውየው ስናነብ ነው። አንዱ ሰው ለናፍቆቱ የተከለው ለሌላው የችግር ምልክት ሆነ፤ ተክሉ ግን ያው ነው።

ድንችን አለ ልክ ማመስገንም አይገባም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1845 በአየርላንድ ቅጠሉን አጥቁሮ ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ በድንች ብቻ ይኖር የነበረው ድኻ ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ነፍስ አልቆበታል። ያው በሽታ በእኛም አገር አለ፤ ክረምቱ ሲበረታ፣ ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ ሲውል ማሳውን በጥቂት ቀን ውስጥ ያጠቁረዋል። ገበሬው ከዋናው ክረምት ቀድሞ መትከልን የሚወደው በከፊል ስለዚህ ነው። በሆለታ የምርምር ማእከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ምርታቸው የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ንጹሕ የድንች ዘር ማግኘት ለደጋው ገበሬ ቀላል አይደለም። በግብርና ትምህርት ክፍል ያላችሁ ጓደኞቻችን ይህን ብትመረምሩት መልካም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዕረፍት ጊዜ ጋፋትን ሄደን አይተነዋል። ሰው ሁሉ የሚያሳየው መድፉ የተሠራበትን ስፍራ ነው፤ እኛም አየነው። ስንመለስ በደብረ ታቦር ገበያ በኩል አለፍን፤ ሴቶች በጆንያ ላይ ድንች ከምረው ይሸጣሉ። ፎቶግራፍ ያነሣነው ግን መድፉ የተሠራበትን ብቻ ነው።

አሁን እኛም በተራችን በአዲስ አበባ እንግዶች ነን። ሦስት የጋይንት ልጆችና ሁለት የእስቴ ልጆች በአንድ ክፍል እንኖራለን። እሑድ እሑድ፣ ማኅበርም ዘመድም በሌለበት ቀን፣ በትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ድንች እንቀቅላለን፤ ድልሁ ከቤት የተላከ ነው። ባለፈው እሑድ አንድ የወለጋ ልጅ መጽሐፍ ሊዋስ መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ፣ ከመካከላችን አንዱ ሳያስበው ድስቱን ወደ አልጋው ሥር ገፋው። ሁላችንም ተያየን። ከዚያም መልሶ አወጣውና ትልቁን ልጦ ለእንግዳው ሰጠው።