ለንግድ ሥራ የሚውል አውቶሞቢል በወጪ ስለሚያዝበት አኳኋን

በግል ስሙ የንግድ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ ነጋዴ አውቶሞቢል በገዛ ጊዜ፥ የከፈለውን ዋጋ በሙሉ በዚያው ዓመት ወጪ አድርጎ ማስመዝገቡ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። የግብር ሒሳብ መርማሪው ግን ይህን ወጪ አይቀበለውም፤ ነጋዴውም ያላሰበውን ግብር ከነመቀጫው ይጠየቃል። ስለዚህ ጉዳይ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ማብራሪያ ለመስጠት ወደድን።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ነገሩ የሚመለከተው የሒሳብ መዝገብ ይዞ ትርፉን በመዝገቡ የሚያስታውቀውን ነጋዴ መሆኑ ነው። በግምት ወይም በጠቅላላ ሽያጩ ልክ ግብር የሚከፍል ሰው ወጪ የሚቀንስበት ሒሳብ ስለሌለው፥ አውቶሞቢል ቢገዛም ባይገዛም ግብሩ ያው ነው።

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የንግድን ገቢ ለማግኘትና ለመጠበቅ የግድ የተደረገ ወጪ ከገቢው ላይ ይቀነሳል። አውቶሞቢል ግን እንደ ነዳጅ ዕለቱን ተቃጥሎ የሚያልቅ ሳይሆን ብዙ ዓመት የሚያገለግል ሀብት ነውና፥ ዋጋው የሚቀነሰው በእርጅና ቅናሽ ከዓመት ዓመት ተከፋፍሎ ነው። በደንብ ቁጥር 410/2009 የተወሰነው ልክ በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 15 በመቶ፥ ዋጋው እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ ደግሞ 20 በመቶ ነው።

አንድ ባለሱቅ ዕቃ ማመላለሻ መኪና በ1,200,000 ብር ገዛ እንበል። በቀጥተኛው ዘዴ በየዓመቱ 180,000 ብር ይቀንሳል። በሁለተኛው ዘዴ በመጀመሪያው ዓመት 240,000፥ በሁለተኛው 192,000፥ በሦስተኛው 153,600 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ዘዴ ለጊዜው የሚያጓጓ ቢመስልም፥ በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ድምሩ 708,480 ብር ብቻ ሲሆን የቀጥተኛው 720,000 ይደርሳል። ነጋዴው አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት አለበት፤ ትርፍ በበዛበት ዓመት ወደ አንዱ፥ ባነሰበት ዓመት ወደ ሌላው መዝለል አይቻልም። መኪናው ለሥራ የተዘጋጀው መጋቢት 1 ቀን ከሆነ፥ እስከ ሰኔ መጨረሻ ያለው አራት ወር ስለሆነ የዚያ ዓመት ቅናሽ በቀጥተኛው ዘዴ 60,000 ብር ነው።

ክርክር የሚበዛው ግን በሌላ ነገር ላይ ነው። በሥራ ቀን ዕቃ የሚያመላልሰው መኪና እሑድ ቤተሰብ ይዞ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። ይህን የሚከለክል የለም፤ ይሁን እንጂ ቅናሹ ለንግድ በዋለው መጠን ብቻ ይሆናል። መኪናው በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ተጕዞ 15,000ው ለንግድ ከሆነ፥ ከ180,000 ብር የሚያዘው ሦስት አራተኛው፥ ማለት 135,000 ብር ነው። ነዳጁ፥ ጥገናውና የኢንሹራንሱ ክፍያም በዚሁ መጠን ይያዛሉ። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ደብተር መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ቀኑን፥ የተሄደበትን ቦታ፥ ጉዳዩንና የኪሎ ሜትር መቍጠሪያውን ንባብ በየዕለቱ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በዓመቱ መጨረሻ ከትዝታ የተጻፈ ደብተር ቀለሙ ራሱ ያጋልጠዋል።

የትራፊክ ቅጣት ለሥራ በተሄደበት መንገድ እንኳ ቢከፈል በወጪ አይያዝም። በባንክ ብድር ለተገዛ መኪናም የዋናው ብድር ክፍያ ወጪ አይደለም፤ በወጪነት የሚታየው ወለዱ ነው።

መኪናው በተሸጠ ጊዜ ደግሞ ሒሳቡ ይመለሳል። በአገራችን ያገለገለ መኪና ዋጋው እንደ መዝገቡ ቶሎ አይወርድም። ለንግድ ብቻ የዋለው ያ የ1,200,000 ብር መኪና በቀጥተኛው ዘዴ ከሦስት ዓመት በኋላ በመዝገብ የሚቀረው ዋጋ 660,000 ብር ነው። በ1,000,000 ብር ቢሸጥ፥ ምንም እንኳ ከገዛበት ያነሰ ቢሆን፥ ልዩነቱ 340,000 ብር የንግድ ገቢ ሆኖ ግብር ይከፈልበታል። ሻጩ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ለሌላ መኪና ቀብድ ከማድረጉ በፊት የግብሩን ድርሻ ለይቶ ያስቀምጥ።